ከማዘዣ እስከ መድኃኒት፦ የአሜሪካ አረጋውያን የመድኃኒት ሽፋን ምርጫ ታሪክ

መግቢያ

ሐኪም ማዘዣ ጽፎ ሲፈርም ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ማዘዣው መድኃኒት የሚሆነው ግን ታካሚው መድኃኒት ቤት ሄዶ የተጠየቀውን ከፍሎ ሲረከብ፣ ከዚያም በታዘዘለት መጠንና ሰዓት ሲወስድ ነው። ከማዘዣው እስከ ክኒኑ ባለው በዚህ ርቀት ውስጥ ገንዘብ፣ ሕግ፣ ቋንቋና የታካሚው ዕውቀት ይገባሉ። ርቀቱ በረዘመ ቁጥር ጥሩ ምርመራና ትክክለኛ ማዘዣ ከንቱ ሆነው የሚቀሩበት አጋጣሚ ይበዛል።

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ዕድሜያቸው 65 ዓመት የሞላ አብዛኞቹ ሰዎች ሜዲኬር በሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ይታቀፋሉ። የመድኃኒት ሽፋን ግን በመሠረቱ ከዚህ መድን ጋር በራሱ የሚመጣ አይደለም። አረጋዊው የግል መድን ድርጅቶች ከሚያቀርቧቸው በርካታ ዕቅዶች አንዱን መርጦ፣ በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ ተመዝግቦ የሚያገኘው ነው። ጊዜው ካለፈበት ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ሊከተለው ይችላል። መምረጥ የታካሚው ግዴታ የሆነው እንዴት ነው? ምርጫውስ ለማን ጠቀመ፣ ማንን ጎዳ? ይህ ጽሑፍ የዚህን አሠራር አመጣጥና ከ2006 ወዲህ የተደረጉለትን ጥገናዎች ይቃኛል። የውጭ አገር ጉዳይ ቢመስልም በዚያ አገር ያረጁ ብዙ ኢትዮጵያውያንን፣ ወደ አገር ቤት ሲመለሱ የሚያክሟቸውን ሐኪሞችም ይመለከታል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መድኃኒት የተዘለለበት ሕግ

ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የሜዲኬርን ሕግ የፈረሙት ጁላይ 30 ቀን 1965 በሚዙሪ ክፍለ ግዛት በኢንዲፔንደንስ ከተማ ነው። ከተማዋ የቀድሞው ፕሬዚዳንት የሃሪ ትሩማን መኖሪያ ነበረች። ትሩማን በ1945 ብሔራዊ የጤና መድን እንዲቋቋም ኮንግረሱን ጠይቀው ሳይሳካላቸው ቀርቶ ነበርና የመጀመሪያው የሜዲኬር ካርድ ለእሳቸው ተሰጠ። ሕጉ በጁላይ 1966 ሥራ ላይ ሲውል ሁለት ክፍሎች ነበሩት። ክፍል ኤ የሆስፒታል ወጪን ይሸፍናል፤ ክፍል ቢ ደግሞ በወር 3 ዶላር አረቦን ለሚከፍሉ ሰዎች የሐኪም አገልግሎትን ይሸፍን ነበር።

ታካሚው ቤቱ ሆኖ የሚወስደው መድኃኒት በአመዛኙ በሁለቱም ክፍሎች ውስጥ አልተካተተም። ለዚህ በጊዜው በቂ የመሰለ ምክንያት ነበር። አረጋውያንን የሚያደኸየው በዋነኛነት የሆስፒታል ሂሳብ ነበር። ለሕጉ አርአያ የሆኑት የግል መድኖችም በአብዛኛው የመድኃኒት ቤት ወጪን አይሸፍኑም ነበር። በዚያን ዘመን ለልብ ድካም ዲጂታሊስና ዳይዩሬቲክ ይታዘዛሉ፤ ዛሬ በየቀኑ ከሚወሰዱት መድኃኒቶች ብዙዎቹ ግን ገና አልተገኙም ነበር።

የሕክምና ሳይንስ ሕጉን ጠብቆ አልቆመም። ካፕቶፕሪል በ1981፣ ሎቫስታቲን በ1987 በአሜሪካ ተፈቀዱ። ሌሎችም ተከተሉ። ሥር የሰደዱ በሽታዎች ሕክምና ከሆስፒታል አልጋ ወደ ዕለታዊ ክኒን ተሸጋገረ። ሜዲኬር ግን በነበረበት ቆየ። በልብ ድካም ምክንያት ሆስፒታል ለተኛ በሽተኛ የአልጋውን ወጪ ይከፍላል፤ ተመልሶ እንዳይተኛ የሚረዳውን ክኒን ግን አይከፍልም ነበር። ይህ ተቃርኖ አርባ ዓመት ዘለቀ።

ያልተሳኩ ሙከራዎች

ጉድለቱ ያልታየ አልነበረም። በ1967 የጤና፣ የትምህርትና የማኅበራዊ ደኅንነት ሚኒስትሩ ጆን ጋርድነር የመድኃኒት ማዘዣ ጉዳይን የሚያጠና ግብረ ኃይል አቋቋሙ። ሰብሳቢው ዶክተር ፊሊፕ ሊ ነበሩ። ግብረ ኃይሉ በ1969 ባቀረበው የመጨረሻ ሪፖርት ለአረጋውያን የመድኃኒት ሽፋን አስፈላጊ እንደሆነና ሊሠራም እንደሚችል ደመደመ። በዚያው ዓመት መንግሥት ስለተለወጠ ግን ሐሳቡ አልተገፋበትም።

ሁለተኛው ታላቅ ሙከራ የ1988ቱ የከባድ ሕመም ወጪ ሽፋን ሕግ ነው። ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬጋን ጁላይ 1 ቀን 1988 የፈረሙት ይህ ሕግ የመድኃኒት ሽፋንን በየደረጃው ለማስገባት ያለመ ነበር። የሕጉ ችግር ወጪው እንዲሸፈን የታሰበበት መንገድ ነበር። ገንዘቡን እንዲያዋጡ የተደረጉት አረጋውያኑ ራሳቸው ሲሆኑ፣ የተሻለ ገቢ ያላቸው ሰዎች በ1989 በነፍስ ወከፍ እስከ 800 ዶላር ተጨማሪ ክፍያ ተጣለባቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከቀድሞ አሠሪዎቻቸው ያገኙት የመድኃኒት ሽፋን አስቀድሞ ስለነበራቸው፣ ላላቸው ነገር እንደገና እንዲከፍሉ የተገደዱ መሰላቸው። በኦገስት 1989 በቺካጎ ከተማ የተቆጡ ጡረተኞች ሕጉን ካረቀቁት መሪዎች አንዱ የነበሩትን የምክር ቤት አባል ዳን ሮስተንኮውስኪን ከበው መኪናቸውን መንገድ ላይ አገቱ። ትዕይንቱ በቴሌቪዥን ታየ። የዚያው ዓመት መጨረሻ ሳይደርስ ኮንግረሱ ሕጉን ሻረው፤ የመድኃኒቱ ሽፋን ሥራ ሳይጀምር ቀረ።

ፖለቲከኞች ከዚህ የወሰዱት ትምህርት ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ ቀረጸ። አረጋውያንን በግዴታ ማስከፈል አደገኛ ነው፤ ስለዚህ ወደፊት የሚመጣው የመድኃኒት ሽፋን በፈቃደኝነት የሚገባበት መሆን አለበት የሚል ነበር።

በ1993 ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ያቀረቡት አጠቃላይ የጤና ማሻሻያ የአረጋውያንን የመድኃኒት ሽፋን አካትቶ ነበር፤ በ1994 ከነሙሉው ወደቀ። በዚህ መካከል አረጋውያን የየራሳቸውን መውጫ ይፈልጉ ነበር። ፔንሲልቬኒያን የመሰሉ ክፍለ ግዛቶች ከሎተሪ ገቢ የመድኃኒት ድጎማ መስጠት ጀመሩ። በሰሜን ጠረፍ አካባቢ የሚኖሩ ደግሞ በአውቶቡስ ተጭነው ወደ ካናዳ ይሻገሩ ነበር። በ1999 የቨርሞንት ተወካይ የነበሩት በርኒ ሳንደርስ የጡት ካንሰር ሕሙማን ሴቶችን ይዘው ወደ ሞንትሪያል ተጓዙ። እዚያ ታሞክሲፈን የሚሸጠው በአገራቸው ከሚጠየቀው ዋጋ እጅግ ባነሰ ነበር። አንድ ሐኪም የጻፈውን ማዘዣ ለማስፈጸም ድንበር መሻገር ማስፈለጉ ጉዳዩን የምርጫ ዘመቻዎች ዐቢይ መከራከሪያ አደረገው።

ከዚህ ዘመን ሌላም መታወስ ያለበት ነገር አለ። ሜዲኬር የማይሸፍነውን ወጪ ለመሸፈን የሚሸጡ የግል ተጨማሪ መድኖች በመብዛታቸውና በመለያየታቸው አረጋውያን ይደናገሩና ይታለሉ ነበር። ኮንግረሱ በ1990 ባወጣው ሕግ እነዚህ መድኖች ከኤ እስከ ጄ በተሰየሙ አሥር ወጥ ዓይነቶች እንዲወሰኑ አደረገ። ከአሥሩ ሦስቱ የተወሰነ የመድኃኒት ሽፋን ነበራቸው። ገዢው ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይን ከተመሳሳይ ጋር ማነጻጸር ቻለ። ምርጫ የሚጠቅመው ሊነጻጸር ሲችል መሆኑን ኮንግረሱ ራሱ አንድ ጊዜ አውቆ ነበር ማለት ነው። ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ግን ተቃራኒውን መንገድ ያዘ።

የ2003ቱ ሕግ

በ2003 ሁለት ሐሳቦች ተፋጠጡ። አንዱ ወገን መድኃኒት እንደ ሐኪም አገልግሎት ሁሉ በሜዲኬር ውስጥ ወጥ ሆኖ እንዲካተት ይፈልግ ነበር። ሌላው ወገን የግል ድርጅቶች ተወዳድረው እንዲያቀርቡትና አረጋዊው እንደ ገበያተኛ አማርጦ እንዲገዛ ይሻ ነበር። ያሸነፈው ሁለተኛው ነው። የተወካዮች ምክር ቤት ኖቬምበር 22 ቀን 2003 ከሌሊቱ ድምፅ መስጠት ሲጀምር የሕጉ ደጋፊዎች አንሰው ተገኙ። በተለምዶ 15 ደቂቃ የሚወስደው የድምፅ አሰጣጥ ሦስት ሰዓት ያህል ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ተደርጎ፣ አባላት በሌሊት ሲለመኑና ሲገፉ አድረው፣ ሕጉ 220 ለ215 በሆነ ድምፅ አለፈ። ሴኔቱም 54 ለ44 አጸደቀው። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ ዲሴምበር 8 ቀን 2003 ፈረሙበት። ክፍል ዲ የሚባለው የመድኃኒት ሽፋን በዚህ ሕግ ተወለደ።

ሕጉ ሦስት ዋና ዋና ባሕርያት ነበሩት። አንደኛ፣ የጤና ሚኒስትሩ ከመድኃኒት አምራቾች ጋር በዋጋ እንዳይደራደሩ ከለከለ። ሁለተኛ፣ በፈቃደኝነት የሚገባበት መድን የሚያመጣውን ችግር በቅጣት ለማረም ሞከረ። መድን የሚቆመው ጤነኛውም ታማሚውም ሲያዋጡ ነው። የሚገባው የታመመ ብቻ ከሆነ አረቦኑ እየናረ ይሄዳል። ስለዚህ ተመጣጣኝ የሆነ ሌላ ሽፋን ሳይኖረው የዘገየ ሰው ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ወር የብሔራዊውን መነሻ አረቦን አንድ በመቶ ያህል በየወሩ እየጨመረ፣ ሽፋኑ እስካለ ድረስ እንዲከፍል ተደነገገ። ሦስተኛ፣ ለአሥር ዓመት ከተመደበው 400 ቢሊዮን ዶላር ጣሪያ እንዳያልፍ ሲባል በሽፋኑ መካከል ክፍተት እንዲኖር ተደረገ።

ይህ ክፍተት ምን ማለት እንደነበር በቁጥር ማየቱ ይጠቅማል። በ2006 በነበረው መደበኛ ሽፋን ታካሚው ከመድኃኒት ወጪው የመጀመሪያውን 250 ዶላር ራሱ ይከፍላል። ከዚያ አጠቃላይ ወጪው 2,250 ዶላር እስኪደርስ ሩብ ያህሉን ይከፍላል። ከ2,250 እስከ 5,100 ዶላር ባለው ውስጥ ግን መድኑ ምንም አይከፍልም። ከዚያ በላይ ሲሆን ታካሚው አምስት በመቶ ያህል ይከፍላል። እንግዲህ የዓመት መድኃኒቱ 4,000 ዶላር የሚያወጣ ሰው 250፣ ከዚያ 500፣ ከዚያም 1,750፣ በድምሩ 2,500 ዶላር ከኪሱ ያወጣ ነበር። አረቦኑ ለብቻው ነው። አሜሪካውያን ይህን ክፍተት መሐሉ ባዶ በሆነው በዶናት አስመስለው የዶናት ቀዳዳ ብለው ጠሩት። የከፋው ነገር ታካሚው ክፍተቱ ውስጥ ሆኖ መድኑ ሳይከፍልለት አረቦኑን መክፈሉን መቀጠሉ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

የመጀመሪያው ምዝገባ ኖቬምበር 15 ቀን 2005 ተከፍቶ ሜይ 15 ቀን 2006 ተዘጋ። በመላ አገሪቱ ከ1,400 በላይ ለብቻቸው የሚሸጡ የመድኃኒት ዕቅዶች ቀረቡ። በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች አንድ አረጋዊ 40 ከሚያህሉ ወይም ከዚያ ከሚበልጡ ዕቅዶች አንዱን መምረጥ ነበረበት። እያንዳንዱ ዕቅድ የየራሱ አረቦን፣ የየራሱ የመድኃኒት ዝርዝር፣ የየራሱ የክፍያ ደረጃና የየራሱ መድኃኒት ቤቶች ነበሩት። ማነጻጸሪያው በኢንተርኔት ተዘጋጀ፤ ተጠቃሚዎቹ ግን ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁ ብዙ አዛውንቶች ነበሩ።

ከሁሉ የከበደው ፈተና የደረሰው በድኾቹ ላይ ነው። ስድስት ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሜዲኬርንም፣ ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የተቋቋመውን ሜዲኬይድንም በአንድነት ያገኙ ነበር። መድኃኒታቸውን ይሸፍን የነበረው ሜዲኬይድ ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 2006 ይህ ሽፋን በአንድ ሌሊት ቆሞ ወደ ክፍል ዲ ተዛወሩ። ራሳቸው ላልመረጡት መንግሥት በዕጣ ዕቅድ መደበላቸው። ዕጣው የሚወስዱትን መድኃኒት አይመለከትም ነበር። ስለዚህ በአእምሮ ሕመም፣ በስኳር ወይም በልብ በሽታ የሚታከም ሰው መድኃኒቱ በዝርዝሩ ውስጥ በሌለ ዕቅድ ሊመደብ ይችል ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የብዙዎቹ ስም በመድኃኒት ቤቶች ኮምፒውተር ላይ ጠፋ። ፋርማሲስቶች ለማጣራት ስልክ ይዘው ለረዥም ጊዜ ይጠብቁ ነበር። ጥቂት ዶላር ብቻ መክፈል የሚገባቸው ሕሙማን ሙሉ ዋጋ ተጠየቁ። ብዙ ክፍለ ግዛቶች የአስቸኳይ ጊዜ ሽፋን ከራሳቸው በጀት ለመክፈል ተገደዱ።

መርሐ ግብሩ ቀስ በቀስ ተረጋጋ። እስከ ጁን 2006 ድረስ ወደ 22 ሚሊዮን ተኩል የሚሆኑ ሰዎች በክፍል ዲ ዕቅዶች ተመዝግበው ነበር። ጥቅሙን መካድ አይቻልም። ከዚያ በፊት ምንም ሽፋን ያልነበራቸው ሚሊዮኖች መድኃኒት አገኙ። ይሁን እንጂ በ2008 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በገንዘብ ምክንያት መድኃኒታቸውን የሚያቋርጡ ሰዎች ቁጥር የቀነሰው በመጠኑ ነው። ጤናቸው እጅግ በደከመ ሰዎች ዘንድ ጉልህ ለውጥ አልታየም። መድኃኒቱ ከሁሉ ይበልጥ ለሚያስፈልገው ሰው ክፍተቱ ቅርብ ነበርና ይህ የሚያስደንቅ አይደለም።

የምርጫ ሸክም

የሕጉ አርቃቂዎች አረጋዊው የሚጠቅመውን አስልቶ ይመርጣል፤ ድርጅቶችም እሱን ለመሳብ ይሻሻላሉ ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች፣ ጄሰን አባሉክና ጆናታን ግሩበር፣ በ2011 ባሳተሙት ጥናት ይህን ግምት ፈተኑት። ያገኙት ውጤት አረጋውያን ሲመርጡ በግልጽ ለሚታየው ለወርኃዊው አረቦን ከሚገባው በላይ ክብደት እንደሚሰጡ፣ በዓመቱ ውስጥ ከኪሳቸው ለሚወጣው ወጪ ግን አነስተኛ ትኩረት እንደሚሰጡ ነው። አረቦኑ አንድ ቁጥር ነው። የኪስ ወጪው ግን መድኃኒቶቹን አንድ በአንድ በየዕቅዱ ዝርዝር ፈልጎ፣ ደረጃቸውን አይቶ፣ ቅድመ ፈቃድ ይጠየቅባቸው እንደሆነ አረጋግጦ፣ በአሥራ ሁለት ወር አባዝቶ የሚገኝ ስሌት ነው። ይህን ስሌት የሚጠየቀው ደግሞ ብዙ በሽታ፣ ብዙ መድኃኒት፣ አንዳንዴም የማስታወስ ችግር ያለበት ሰው ነው። ከሁሉ ይበልጥ ማስላት ያለበት፣ ከሁሉ ይበልጥ ማስላት የሚከብደው ሆኖ ተገኘ።

አንድ ጊዜ መርጦ መተውም አይበቃም። ዕቅዶች አረቦናቸውንና የመድኃኒት ዝርዝራቸውን በየዓመቱ ይለውጣሉ። አምና የተሻለ የነበረው ዘንድሮ ውድ ሊሆን ይችላል። ዝም ያለ ሰው በዚያው ዕቅድ ይቀጥላል፤ ለውጡን የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ በጃንዋሪ መድኃኒት ቤት ደርሶ ዋጋ ሲነገረው ነው።

ሕጉ የሕሙማንን ደኅንነት ለመጠበቅ ያስቀመጣቸው አጥሮች እንዳሉ መጥቀስ ተገቢ ነው። እያንዳንዱ ዕቅድ በየመድኃኒት ምድቡ በጥቅሉ ቢያንስ ሁለት መድኃኒቶችን መሸፈን አለበት። በስድስት ምድቦች ደግሞ፣ ማለትም የሚጥል በሽታ፣ የድባቴ፣ የሳይኮሲስ፣ የካንሰር፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒቶችና የተተከለ የሰውነት ክፍል እንዳይመለስ የሚሰጡት፣ ሁሉንም በሚባል ደረጃ እንዲሸፍን ይገደዳል። አዲስ ተመዝጋቢ በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ውስጥ በዝርዝሩ የሌለ ነባር መድኃኒቱን ለአንድ ወር ያህል ጊዜያዊ አቅርቦት ያገኛል። ሐኪሙም የሕክምና ምክንያቱን ገልጾ ልዩ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል፤ ዕቅዱ በ72 ሰዓት፣ አስቸኳይ ሲሆን በ24 ሰዓት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። እነዚህ መብቶች ግን የሚሠሩት የሚጠይቃቸው ሲኖር ብቻ ነው።

ሃያ ዓመት የፈጀ ጥገና

ከ2006 ወዲህ የተደረጉት ማሻሻያዎች በአንድ መስመር ሲታዩ የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ የስሌቱ ሸክም ቀስ በቀስ ከታካሚው ትከሻ ላይ እየወረደ መጥቷል።

በ2010 የወጣው የጤና ማሻሻያ ሕግ በዚያው ዓመት ክፍተቱ ውስጥ ለገቡ ሰዎች 250 ዶላር ሰጠ። ከ2011 ጀምሮ በክፍተቱ ውስጥ የብራንድ መድኃኒቶች ዋጋ በግማሽ እንዲቀንስ ተደረገ፤ ክፍተቱም እየጠበበ ሄዶ በ2020 በታካሚው ወጪ በኩል ተዘጋ። ዓመታዊው የምርጫ ጊዜም ከ2011 ጀምሮ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ሆነ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ኦገስት 16 ቀን 2022 በፈረሙት ሕግ ነው። ከ2023 ጀምሮ የኢንሱሊን ክፍያ በወር ከ35 ዶላር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ለአዋቂዎች የሚመከሩ ክትባቶችም ያለ ክፍያ ሆኑ። በ2024 ከከባድ ወጪ በኋላ ይጠየቅ የነበረው አምስት በመቶ ቀረ። በ2025 ታካሚው በዕቅዱ ለተሸፈኑ መድኃኒቶች በዓመት ከኪሱ የሚከፍለው ከ2,000 ዶላር እንዳያልፍ ጣሪያ ተበጀ፤ በ2026 ጣሪያው 2,100 ዶላር ነው። ይህንንም በየወሩ ከፋፍሎ መክፈል ይቻላል። በ2003 የተከለከለው ድርድርም ተፈቀደ። መንግሥት በመጀመሪያ የተደራደረባቸው አሥር መድኃኒቶች ዋጋ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ከእነዚህ መካከል አፒክሳባን፣ ሪቫሮክሳባን፣ ሲታግሊፕቲን፣ ኤምፓግሊፍሎዚንና ሳኩቢትሪል-ቫልሳርታን ይገኙበታል።

የወጪ ጣሪያ ትርጉሙ ከገንዘቡ በላይ ነው። በ2006 የተሳሳተ ምርጫ ማድረግ መጨረሻው የማይታወቅ ወጪ ሊያስከትል ይችል ነበር። ዛሬ የስህተቱ ዋጋ ወሰን አለው፤ ግን መድኃኒቱ በዕቅዱ ዝርዝር ውስጥ ካለ ብቻ ነው። ከዝርዝሩ ውጭ ያለ መድኃኒት ወደ ጣሪያው አይቆጠርም። የምዝገባው ጊዜና የመዘግየት ቅጣቱም አልተነሡም።

ኢትዮጵያውያን አረጋውያን

የሜዲኬር የመድኃኒት ሽፋን ታሪክና በአሜሪካ የኢትዮጵያውያን ታሪክ በአንድ ቦታ ይገናኛሉ። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ተሰደው፣ በተለይም በ1980 የወጣውን የስደተኞች ሕግ ተከትሎ አሜሪካ የገቡት ወጣቶች በመኪና ማቆሚያ፣ በታክሲ፣ በሆስፒታልና በሆቴል ሠርተው ልጆች አሳድገው ዛሬ 65 ዓመት የሞላቸው ወይም ያለፋቸው ናቸው። አሥር ዓመት ያህል ሠርተው ግብር ከከፈሉ ክፍል ኤን ያለ አረቦን ያገኛሉ። ልጆቻቸው በኋላ ያመጧቸው ወላጆች ግን ይህ የሥራ ዘመን ስለሌላቸው፣ ግሪን ካርድ ይዘው አምስት ዓመት ያለማቋረጥ ከኖሩ በኋላ አረቦን እየከፈሉ ሊገቡ ይችላሉ። ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ደግሞ ግሪን ካርድ ያላገኙ ስደተኞችና ጥገኝነት የተሰጣቸው ሰዎች ከሜዲኬር እንዲወጡ ስላደረገ፣ የመኖሪያ ወረቀት ጉዳይ የመድኃኒት ጉዳይም ሆኗል።

ለእነዚህ አረጋውያን የምዝገባው ሕግ የራሱ ወጥመዶች አሉት። የመጀመሪያው የምዝገባ ጊዜ 65 ዓመት ከሚሞላበት ወር ሦስት ወር ቀድሞ ጀምሮ ከወሩ በኋላ እስከ ሦስት ወር የሚዘልቅ፣ በጠቅላላው ሰባት ወር ነው። የልደት ቀናቸው በትክክል ስላልታወቀ ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተመዘገበላቸው ስደተኞች ግን ጥቂት አይደሉም። በወሩ የመጀመሪያ ቀን የተወለደ ሰው በሕጉ ዘንድ አንድ ወር ቀድሞ ይቆጠርለታል። ስለዚህ የእነሱ ጊዜ የሚጀምረው በኦክቶበር ሳይሆን በሴፕቴምበር፣ የሚዘጋውም በኤፕሪል ሳይሆን በማርች መጨረሻ ነው።

ሌላው ወጥመድ ደብዳቤ ነው። በሥራ ቦታው መድን ያለው ሰው ሽፋኑ ከክፍል ዲ ጋር ተመጣጣኝ መሆን አለመሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ በየዓመቱ ከኦክቶበር 15 በፊት ይደርሰዋል። ኋላ ከቅጣት የሚያድነው ማስረጃ ይህ ወረቀት ነው። እንግሊዝኛ ለማያነብ ሰው ግን ከማስታወቂያ ወረቀቶች ጋር ተደባልቆ ቅርጫት ውስጥ ይወድቃል። በአሁኑ ጊዜ መድኃኒት ስለማይወስድ ምዝገባውን የተወ ጤነኛ ሰውም አለ። አምስት ዓመት፣ ማለትም 60 ወር ዘግይቶ ቢመዘገብ በ2026 መነሻ አረቦን በሆነው 38.99 ዶላር ሲሰላ በየወሩ 23.40 ዶላር ቅጣት ይጨመርበታል። መነሻው ሲያድግ ቅጣቱም ያድጋል። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነና ተጨማሪ እርዳታ የሚባለውን ድጎማ ያገኙ ሰዎች ከዚህ ቅጣት ነጻ ናቸው። ድጎማውን የማያውቅ ድኻ ግን አያመለክትም።

ሦስተኛው ከአገር ቤት ጋር የተያያዘ ነው። ክፍል ዲ ከአሜሪካ ውጭ የተገዛን መድኃኒት አይሸፍንም። ለብዙ ወራት አዲስ አበባ ወይም ክፍለ ሀገር የሚቆዩ አረጋውያን ይዘውት የሄዱት መድኃኒት ሲያልቅ፣ በአሜሪካ የሚወስዱት በአገር ውስጥ ካልተገኘ ሊያቋርጡ ይችላሉ። የሚያክማቸው ሐኪም የምን መድኃኒት፣ በምን ያህል መጠን፣ ለስንት ቀን እንደቀራቸው መጠየቁ አደጋን ያስቀራል። ኑሯቸውን ጠቅልለው ወጥተው የነበሩ ሰዎች ወደ አሜሪካ ሲመለሱ ደግሞ የተለየ የሁለት ወር የምዝገባ ጊዜ ይሰጣቸዋል።

እርዳታ የለም ማለት ግን አይደለም። በ1990ው ሕግ በየክፍለ ግዛቱ የተቋቋመው የጤና መድን ምክር አገልግሎት ዕቅዶችን በነጻ ያነጻጽራል፤ ምንም አይሸጥም። ሜዲኬርም በስልክ መስመሩ አስተርጓሚ ያቀርባል። በዋሽንግተን ዲሲ በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ለነዋሪዎች በቋንቋቸው አገልግሎት እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ አማርኛም ከዋናዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነው።

መደምደሚያ

በ1965 ሕጉ መድኃኒትን ዘለለ። በ1989 ግዴታው ተቃውሞ ገጠመው። በ2003 ግዴታው ቀርቶ ምርጫ በቦታው ተተካ። ከ2006 ወዲህ ያሉት ሃያ ዓመታት ደግሞ ምርጫው ያቆሰለውን በመጠገን አለፉ። ታሪኩ የሚያስተምረው ምርጫ ክፉ ነው ብሎ አይደለም። የታመመና ያረጀ ሰው ብቻውን እንዲመርጥ የሚተው ሥርዓት የሐኪሙን ድካም ጭምር እንደሚያባክን ነው።

የሕግ ጥገናው ሲዘገይ ክፍተቱን የሚሞላው ሰው ነው፤ ልጅ፣ ጎረቤት፣ ፋርማሲስት፣ ሐኪም። አረጋውያንን የሚያክም ሐኪም የመድን ባለሙያ እንዲሆን አይጠበቅበትም። ሦስት ጥያቄዎች ግን ከአቅሙ በላይ አይደሉም፦ «ያዘዝኩልዎትን መድኃኒት አግኝተዋል? ስንት ተጠየቁ? በዋጋው ምክንያት የተዉት ወይም የቀነሱት አለ?» በባህላችን አዛውንት ገንዘብ አጠረኝ ብሎ ለሐኪም መናገር ያሳፍረዋል፤ ስለዚህ ካልተጠየቀ አይናገርም። የታዘዙትን መድኃኒቶች ስም፣ መጠንና የሚወሰዱበትን ጊዜ በንጹሕ ጽፎ በየዓመቱ ከኦክቶበር 15 በፊት ለታካሚው መስጠትም ትልቅ እርዳታ ነው። ዕቅድ የሚያነጻጽረው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ዝርዝር ነውና። የደም ግፊቱ አልወርድ ሲል መድኃኒት ከመጨመር በፊት የፊተኛው መድኃኒት ቤቱ መግባት አለመግባቱን ማረጋገጥ የሕክምናው አካል ነው።